ከነጃሺ ችሎት እስከ አርዲቦ ዳርቻ፦ የማሳመን ጥበብ፣ የክርክር አደብና የመስማት ግዴታ

መግቢያ



በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ምድር ሁለት ሐይቆች ተጎራብተው ይገኛሉ። አርዲቦ በተራሮች መካከል ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ ትርፍ ውኃው ወደ ታችኛው ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል። በታችኛው ሐይቅ ላይ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም ጋር ተያይዞ የሚታወቀው የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በአርዲቦ ዙሪያና ከዚያ ባሻገር ደግሞ አዛን የሚሰማባቸው መስጊዶችና ኪታብ የሚቀራባቸው ቤቶች አሉ። በዚህ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሁለት ሊቃውንት ወገን ጎረቤት ነው። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ መነጋገርና መከራከር ለእርሱ የዕለት ኑሮው ክፍል ነው።

ይኸው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ወይም ኮሌጅ ሲደርስ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የማሳመን ስልቶችን እንዲከልስ ይጠየቃል። ኤቶስ፣ ፓቶስና ሎጎስ የሚባሉትን ሦስት መንገዶች፣ የንግግር ዘይቤዎችን፣ የተቃራኒን ሐሳብ አንሥቶ መልስ መስጠትን ለፈተና ያጠናል። ከሰዓት በኋላ ወይም ከመግሪብ በኋላ ደግሞ በሸኹ ፊት ተቀምጦ ነሕው ወይም ፊቅህ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ራስ ውስጥ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። የመጀመሪያውን የባዕድ ዕውቀት አድርጎ ይሸመድደዋል፤ ሁለተኛውን ለመስጊድ ብቻ የሚሆን አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ የሚማረው የማሳመን ጥበብ በእስላማዊ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ጥንታዊ ቤት ያለው መሆኑና ከታላላቅ ምሳሌዎቹ አንዱ በዚህችው በሐበሻ ምድር የተፈጸመ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የእኛ ሊቃውንት ከተናጋሪው ብልሃት ጎን የአድማጩን ግዴታ አብረው ማስተማራቸው ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍል ዛሬ ከክፍልም ከሚንበርም እየጠፋ ነው፤ ጉዳቱም ትንሽ አይደለም።

1. የአንድ ጥበብ ሁለት ምንጮች

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው ድርሳን፣ ተናጋሪ ሰውን የሚያሳምንባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍሏል፦ በተናጋሪው ጠባይና ተዓማኒነት፣ በአድማጩ ስሜት፣ በነገሩ ማስረጃ። የትምህርት ቤቶቻችን መጻሕፍት ኤቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው። ድርሳኑ በጥንት ዘመን ወደ ዐረብኛ ተመልሶ «ኪታቡል ኸጣባ» ተብሏል። አል ፋራቢ (በ339 ሂ. ያረፉ)፣ ኢብኑ ሲና (በ428 ሂ.) እና ኢብኑ ሩሽድ (በ595 ሂ.) በየተራ ተንትነውታል። እነዚህ ሊቃውንት የንግግርን ጥበብ ከመንጢቅ፣ ማለትም ከአመክንዮ ትምህርት ክፍሎች እንደ አንዱ አድርገው መያዛቸው ልብ ሊባል ይገባል። ንግግር ማስረጃ የሚሸከም ሥራ እንጂ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ያምኑ ነበርና።

ኢብኑ ሩሽድ «ፈስሉል መቃል» በተባለው ሥራቸው ከዚህ አልፈው ሄደዋል። ሰዎች አንድን ነገር አምነው የሚቀበሉባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው ይላሉ፦ ቡርሃን (የተረጋገጠ ማስረጃ)፣ ጀደል (በታወቁና ተቀባይነት ባላቸው ሐሳቦች ላይ የቆመ ክርክር) እና ኸጣባ (ልብን የሚያንቀሳቅስ ንግግር)። ይህንም ከሱረቱ ነሕል 125ኛ አንቀጽ ጋር ያያይዙታል። አንቀጹ ወደ ጌታ መንገድ በጥበብና በመልካም ግሣጼ መጥራትን፣ በተሻለውም መንገድ መከራከርን ያዛል። የአላህ ጥሪ ሦስቱንም በሮች የከፈተው የሰዎች ተፈጥሮ ስለሚለያይ ነው፤ አንዱ በማስረጃ፣ ሌላው በክርክር፣ ሦስተኛው ልብ በሚነካ ቃል ይመለሳል።

ሁለተኛው ምንጭ ከግሪክ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ከራሱ ከቁርኣን የመነጨው የበላጋ ትምህርት ነው። የቁርኣንን ኢዕጃዝ፣ ማለትም ሰው ሊተካከለው አለመቻሉን ለመረዳት ዐብዱል ቃሂር አል ጁርጃኒ (በ471 ሂ.) ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት አዘጋጁ። ከእርሳቸው በኋላ አስ ሰካኪ (በ626 ሂ.) ትምህርቱን በሥርዓት አደራጁት፤ አል ቀዝዊኒ (በ739 ሂ.) ደግሞ አሳጥረው ለተማሪ እንዲመች አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በላጋ ሦስት ቅርንጫፎች አሉት። ዒልሙል መዓኒ ዐረፍተ ነገርን ከሁኔታው ጋር ማስማማትን፣ ዒልሙል በያን አንድን ሐሳብ በተለያየ ግልጽነት ማቅረብን፣ ዒልሙል በዲዕ ንግግርን ማስዋብን ያስተምራሉ። የትምህርቱ እምብርት በአጭር ቃል «ሙቅተደል ሓል» ይባላል፤ ንግግር ትክክል ሆኖ አድማጩ ያለበትን ሁኔታ የሚመጥን እንዲሆን ማድረግ ማለት ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር ለተማሪው የሚዘረዝራቸው ዘይቤዎች በዚህ ውስጥ አሉ። ተሽቢህ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ ኢስቲዓራ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ጢባቅ ተቃራኒዎችን ጎን ለጎን ማቆም ነው፤ መልስ የማይሻው ጥያቄ ኢስቲፍሃም ኢንካሪ ይባላል። ተውሪያ ደግሞ ቅርብና ሩቅ ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል ተጠቅሞ ሩቁን ማሰብ ነው፤ ይህን የሐይቅ ገዳም ጎረቤት የሆነ ተማሪ ከቅኔው ሰምና ወርቅ ጋር ቢያነጻጽረው ሦስት ቋንቋዎች በአንድ ትምህርት ይገናኙለታል።

2. የነጃሺ ችሎት፦ የአንድ ንግግር ትንታኔ

ሕጉ ከመጻፉ በፊት ሥራው ነበር። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች በሐበሻ ንጉሥ ፊት በቀረቡ ጊዜ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ያደረጉት ንግግር የማሳመን ጥበብ ሙሉ ምሳሌ ነው። ታሪኩን ኢብኑ ኢስሓቅ በወቅቱ በሐበሻ ከነበሩት ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) በሚደርስ ሰንሰለት ዘግበውታል፤ በኢማም አሕመድ ሙስነድም ይገኛል። በዘገባው ጾም መጠቀሱ የረመዷን ጾም ግዴታ የሆነው በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በመሆኑ ሊቃውንትን አነጋግሯል። ስለዚህ እዚህ የምንመረምረው የንግግሩን አሰላለፍ እንጂ እያንዳንዱን ቃል አይደለም።

በመጀመሪያ የከሳሾቹን ስልት እንመልከት። ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓ ወደ ንጉሡ ከመግባታቸው በፊት ለየጳጳሱ የቆዳ ስጦታ አደሉ። ከዚያም ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጧቸው አማካሪዎቹ ንጉሡን እንዲመክሩላቸው ተስማሙ። ክሳቸው ሁለት ነጥብ ነበረው፦ እነዚህ ሰዎች የወገናቸውን ሃይማኖት ትተዋል፤ ወደ ንጉሡም ሃይማኖት አልገቡም። ክሱ በብልሃት የተቀናበረ ነበር። ሆኖም የተመሠረተው አድማጩ ሌላውን ወገን ባለመስማቱ ላይ ነው። ነጃሺ ይህን መሠረት አፈረሱት፤ ወደ እኔ የተጠጉ ሰዎችን ሳልሰማ አልሰጥም ብለው ስደተኞቹን አስጠሩ።

ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ንግግራቸውን የጀመሩት በራሳቸው ወገን ጥፋት ነው። ጣዖት ማምለካቸውን፣ በክት መብላታቸውን፣ ዝምድና መቁረጣቸውን፣ ጎረቤት መበደላቸውን፣ ብርቱው ደካማውን መዋጡን ዘረዘሩ። በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ይታመናል፤ ኤቶስ የሚባለው ይህ ነው። ቀጥለው የመልእክተኛውን (ሰ.ዐ.ወ.) ማንነት አነሡ፦ ዘራቸው፣ እውነተኛነታቸው፣ ታማኝነታቸውና ንጽሕናቸው በወገኖቻቸው ዘንድ የታወቀ መሆኑን። መልእክቱን ከመግለጻቸው በፊት የመልእክተኛውን ተዓማኒነት አስቀደሙ።

ሦስተኛው ክፍል ማስረጃው ነው። መልእክተኛው ያዘዟቸው ነገሮች አስቀድሞ ከተዘረዘሩት ጥፋቶች ጋር ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በጣዖት ፋንታ አንድ አምላክ፣ በዝምድና መቁረጥ ፋንታ ዝምድና መቀጠል፣ ጎረቤት በመበደል ፋንታ ለጎረቤት መልካም መሆን። በበላጋ ቋንቋ ሙቃበላ ይባላል። ከማስዋብ በላይ ግን የምክንያትና የውጤት ማስረጃ ነው፤ አድማጩ «ፊት» እና «በኋላ» የነበረውን መዝኖ ራሱ ይፈርዳልና። ስሜትን የሚነካው ክፍል በመጨረሻ መጣ፦ የደረሰባቸው ሥቃይ፣ ከሌሎች ነገሥታት ሁሉ እርሳቸውን መምረጣቸው፣ በእርሳቸው ጉርብትና እንደማይበደሉ ተስፋ ማድረጋቸው። ስሜቱ ማስረጃውን ተከትሎ መጣ እንጂ በቦታው አልተተካም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለመምህርና ለኢማም ከሁሉ የበለጠ ትምህርት አለው። ንጉሡ መልእክተኛው ካመጡት አንዳች ነገር እንዲያሰሙ ሲጠይቁ ጃዕፈር (ረ.ዐ.) የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ መረጡ። ስለ ዘከሪያ፣ ስለ የሕያና ስለ መርየም (ዐ.ሰ.) የሚናገረው ክፍል ለክርስቲያን አድማጭ የታወቀ ምድር ነው፤ ሙቅተደል ሓል ማለት ይህ ነው። ንጉሡና ጳጳሳቱ አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር አዲስ ክስ አቀረበ፤ ሙስሊሞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከባድ ነገር ይናገራሉ አለ። ስደተኞቹ ተመካከሩና የሚመጣው ቢመጣ አላህ ያለውን ብቻ ለመናገር ወሰኑ። ሲጠየቁም የአላህ ባርያና መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የጣላት ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ መሆኑን ሳያድበሰብሱ መለሱ።

በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ልዩነት በበላጋና በሽንገላ መካከል ያለው ድንበር ነው። በመጀመሪያው ቀን አድማጩ የሚረዳውን መርጠው አቀረቡ፤ በሁለተኛው ቀን አድማጩ የማይወደው ሊሆን የሚችለውን አልደበቁም። መምረጥ የተፈቀደ ጥበብ ነው፤ ሲጠየቁ መደበቅ ግን ክህደት ይሆናል። ከንግግር መካከል እንደ ድግምት የሚያስር እንዳለ የሚያመለክተው ሐዲስ ሙገሳ ነው ወይስ ወቀሳ በሚለው ሊቃውንት የተለያዩት በዚሁ ድንበር ምክንያት ነው። አንደበት ወደ እውነት ሲመራ ይመሰገናል፤ ውሸትን ሲያስጌጥ ይወቀሳል።

3. ወሎ፦ ኪታቡ፣ ትርጉሙና መንዙማው

ይህ ጥበብ በወሎ እንዴት ኖረ? ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወሎ ስለነበረው እስልምና በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ክፍለ ሀገሩ ደረሶች ከሩቅ የሚሰደዱባቸው የዕውቀት ማዕከሎች ነበሩት። በየጁ ዳና፣ በቃሉ ጌታ፣ እንዲሁም ጀማ ንጉሥና ሾንኬ ከስመ ጥሮቹ መካከል ናቸው። የጀማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊና የጌታው ሸኽ ሰይድ ቡሽራ በማስተማርም በዳዕዋም የሚታወሱ ናቸው።

በእነዚህ ቤቶች ያለው የማስተማር ስልት ራሱ የማሳመን ልምምድ ነው። ደረሳው የዐረብኛውን ሐረግ ያነባል፤ ሸኹ ሐረጉን ወደ ደረሳው ቋንቋ ይመልሰዋል። የአንድ ኪታብ ትርጉም ለአማርኛ ተናጋሪው፣ ለኦሮምኛ ተናጋሪውና ለአርጎባው እንደየሁኔታው ይስተካከላል። አድማጭን ማወቅ የሚለው የበላጋ መርሕ በንድፈ ሐሳብ ከመጠናቱ በፊት በየቀኑ ይሠራበት ነበር። ትምህርቱን ከደረሳው አልፎ ለገበሬውና ለእናቶች ያደረሰው ደግሞ መንዙማው ነው። ሊቃውንቱ በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ፣ ማለትም በዐጀሚ ጻፉ። ቤት መምታቱ ለማስታወስ ይረዳል፤ ተቀባዩ ሕዝብ የሚደግመው አዝማች ደግሞ አድማጩን ራሱን ተናጋሪ ያደርገዋል። ሺህ ኹጥባ ያላደረሰውን ዐቂዳ አንድ መንዙማ አድርሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ጥበብ ከባዱ ፈተና የመጣው ከቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. (1878 እ.ኤ.አ.) ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለነበረው የትምህርተ ሃይማኖት ልዩነት ውሳኔ ሰጠ። ያንን ተከትሎ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በዐዋጅ ታዘዙ። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ሙሐመድ ዐሊን የመሰሉ መሳፍንት ተጠመቁ። ከሕዝቡ የተሰደደ ተሰደደ፤ ያመፀ አመፀ፤ ሌላው በውጭ ታዝዞ በቤቱ እምነቱን ጠበቀ። ሸኽ ጦልሃ ኢብኑ ጃዕፈር የተቃውሞው ግንባር ቀደም መሪ ሆኑ፤ በአማርኛ ዐጀሚ የጻፏቸው ግጥሞችም ሕዝቡን የሚያጸኑ ነበሩ።

የነጃሺን ችሎትና የቦሩ ሜዳን ዐዋጅ ጎን ለጎን ማንበብ ያስተምራል። በሁለቱም ጊዜ ንጉሥ አለ፤ በሁለቱም ጊዜ እምነታቸው ከንጉሡ የተለየ ሰዎች አሉ። በወሎ የነበሩት ሊቃውንት በዕውቀት ያነሱ አልነበሩም። የጎደለው ከመፍረድ በፊት የሚሰማ ጆሮ ነበር። መስማት በሌለበት ኤቶስም ሎጎስም ዋጋ የላቸውም፤ ነገሩ ወደ ጎራዴና ወደ ስደት ይሄዳል። የቦሩ ሜዳን ታሪክ የምናነሣው የዛሬን ጎረቤት ለመውቀስ አይደለም። ክርክር ሲዘጋ ማኅበረሰብ ምን ያህል እንደሚከፍል በገዛ ምድራችን የታየ ማስረጃ ስለሆነ ነው።

4. ሙናዘራ፦ መስማትን ያካተተ የክርክር ሥርዓት

ሙስሊም ሊቃውንት መስማትን ለበጎ ፈቃድ ብቻ አልተዉትም፤ ሥርዓት ሠሩለት። ከሸምሱዲን አስ ሰመርቀንዲ ወዲህ «አዳቡል በሕስ ወል ሙናዘራ» ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኗል። በዚህ ሥርዓት አንዱ ሐሳብ አቅራቢ፣ ሌላው ጠያቂ ነው። ጠያቂው የሚፈቀዱለት መንገዶች ሦስት ናቸው። መንዕ፦ ለአንድ መነሻ ሐሳብ ማስረጃ መጠየቅ። ነቅድ፦ ማስረጃው በሌላ ቦታ ሲሠራ የማይረባ ውጤት እንደሚያስከትል ማሳየት። ሙዓረዷ፦ ለተቃራኒው ሐሳብ እኩል ወይም የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ። ስድብ፣ ጩኸት፣ የተከራካሪን ዘር ወይም ጠባይ ማንሣት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ተሕሪሩ መሐሊን ኒዛዕ ነው፤ ክርክሩ በትክክል የት ላይ እንደሆነ መወሰን። በመንደር ሽምግልና እንደሚታየው፣ ግማሹ ጠብ ሁለቱ ወገኖች ስለ ተለያየ ነገር እየተናገሩ መሆናቸው ሲታወቅ ይበርዳል። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተቃዋሚን ሐሳብ አጣሞ ማፍረስን ከስሕተቶች ይቆጥሩታል፤ በሙናዘራ ግን ይህ ገና ክርክሩ ሳይጀመር ይከለከላል።

አል ገዛሊ (በ505 ሂ.) በኢሕያእ ውስጥ በዕውቀት መጽሐፋቸው ስለ ሙናዘራ ቅድመ ሁኔታዎች ጽፈዋል። ተከራካሪ የጠፋበትን ንብረት እንደሚፈልግ ሰው መሆን አለበት ይላሉ፤ ያገኘው እርሱ ይሁን ጓደኛው ልዩነት ሊሰማው አይገባም። በዚያው ቦታ ለማሸነፍ ሲባል የሚደረግ ክርክር ምቀኝነትን፣ ኩራትን፣ ሐሜትንና በሌላው ውርደት መደሰትን እንደሚያመጣ በዝርዝር ያስጠነቅቃሉ። እነዚህ በሽታዎች ዛሬ በስልክ በሚሰራጩ የሃይማኖት ክርክሮች ላይ ለሚመለከት ሰው አዲስ አይደሉም።

5. ለክፍልና ለሚንበር

ከዚህ ታሪክ ምን ሥራ ይወጣል? በሐይቅ፣ በቢስቲማ፣ በደሴም ሆነ በሌላ ቦታ ላሉ መምህራንና ኢማሞች አራት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የመድረሳ መምህር የጃዕፈርን (ረ.ዐ.) ንግግር በሲራ ትምህርት ሲያስተምር ታሪኩን ከመተረክ አልፎ አሰላለፉን ያስተንትን። ተማሪው የተዓማኒነት፣ የማስረጃና የስሜት ክፍሎችን ራሱ ለይቶ ያሳይ። እንግሊዝኛ የሚማር ደረሳ ይህን ንግግር በእንግሊዝኛ ቢተነትን ለፈተናው የሚሆን ምሳሌ በእጁ ይኖረዋል፤ ዕውቀቱም ከባዕድነት ይወጣል።

ሁለተኛ፣ በነሕው የበረቱ ደረሶች ከበላጋና ከመንጢቅ ቢያንስ አጫጭር መማሪያዎችን ይቅሩ። የአል አኽደሪ ግጥማዊ መማሪያዎች፣ ሱለሙ በመንጢቅ፣ ጀውሀሩል መክኑን በበላጋ፣ ለጀማሪ የተዘጋጁና በቃል የሚያዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ በክፍል ውስጥ በሚደረግ ክርክር አንድ ሕግ ይጽና። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የተከራካሪውን ሐሳብ በራሱ ቃል ይድገም፤ ባለቤቱም «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» ይበል። ይህ ሕግ ጊዜ ይወስዳል፤ ተማሪዎችም መጀመሪያ ይሰለቹታል። ነገር ግን መስማትን የሚለካ ሌላ ቀላል መስፈሪያ የለም። ነጥብም ከማሸነፍ ይልቅ ለትክክለኛ ድግግሞሽና ለታማኝ ማስረጃ ይሰጥ።

አራተኛ፣ ኢማም ኹጥባ ሲያዘጋጅ ሦስት ጥያቄዎችን ራሱን ይጠይቅ፦ በዚህ ጉዳይ ጀማዓው የሚያምነኝ ለምንድን ነው? ማስረጃዬ ስሜትን ከማነሣሣቴ በፊት ቆሟል? ስለ ሌላው ወገን የተናገርሁትን ያ ወገን ቢሰማ የእኔ ነው ይለኛል? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚተያዩበት አገር ከምርጫ በላይ ነው። የሚንበር ድምፅ ከግቢው ውጭ ይሰማል።

መደምደሚያ

የማሳመን ጥበብ ለሙስሊም ተማሪ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የመጣ እንግዳ አይደለም። ከቁርኣን በመነጨው በላጋ፣ ፈላስፎቻችን በተነተኑት ኸጣባ፣ በሐሪማ ትርጉምና በወሎ መንዙማ ውስጥ ኖሯል። ይሁንና ጥበቡን እንደ መሣሪያ ብቻ የሚያስታጥቅ መምህር ግማሹን አስተምሯል። ዐምር ኢብኑል ዓስም አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ በዚያን ቀን ያሸነፈው ግን አንደበት ብቻ አልነበረም። ለመስማት የፈቀደ ዳኛ ነበረ፤ ሲሰማም እውነቱን ያልደበቀ ተናጋሪ ነበረ። ዛሬ ለምናስተምራቸው ልጆች ሁለቱንም ልንሰጣቸው ይገባል፦ እንደ ጃዕፈር (ረ.ዐ.) መናገርን፣ እንደ ነጃሺ መስማትን። ስኬቱ ከአላህ ነው።